ጎዶቭስኪ ትርምስ ለሆነባት እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽ «ሾፓንን እየተለማመድኩ ነው፤ ከዚያ የባሱትን የፒያኖ ኤቱዶች ልስማ ብዬ የጎዶቭስኪን ከፈትኩ፤ ትርምስ ብቻ ሆነብኝ፤ የማን ቅጂ ይሻላል?» የሚል ነው። (ኤቱድ የጣት ችሎታን ለማለማመድ የሚጻፍ አጭር ሙዚቃ ነው፤ ሾፓንና ጎዶቭስኪ ደግሞ ፒያኖ ተጫዋቾችና የሙዚቃ ደራሲዎች ናቸው።) እኔ ሀዋሳ ኪቦርድ አስተምራለሁ። መጀመሪያ እኔንም እንዲሁ ነው ያደረገኝ።

ቅጂ ከመምረጥሽ በፊት የስልክሽን ስፒከር ተይው። እኔ ለወራት የሰማሁት በእሱ ነበር። የስልክ ስፒከር ቤዙን ይበላዋል። ጎዶቭስኪ ደግሞ ከሾፓን ኤቱዶች ተነስቶ 53 አዳዲስ ሲሠራ ከባዱን ሸክም የጫነው ግራ እጅ ላይ ነው። እንዲያውም 22ቱ ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ናቸው። ቤዙ ሲጠፋ የሚቀርሽ መንጫጫት ነው። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ደህና ሄድፎን ተውሼ ፍቅር ሐይቅ ዳር እየሄድኩ ከፈትኩት። ቆሜ ቀረሁ። ለካ ከሥር ሌላ ዜማ ነበረ!

ከሾፓን ኦፐስ 10 ቁጥር 5 ጀምሪ (ኦፐስ የደራሲው ሥራ መለያ ቁጥር ነው)፤ «የጥቁር ቁልፎች» ከሚባለው። ቀኝ እጅ ከአንዲት ኖታ በቀር የሚነካው ጥቁሮቹን ብቻ ነው። ጥቁሮቹን ብቻ ተጭነሽ ትዝታ ሜጀር ተጫውተሽ ታውቂ ይሆናል። አምስቱ ድምፆች እነዚያው ናቸው፤ ስለዚህ ጆሯችን እዚህ ባዳ አይሆንም። ጎዶቭስኪ ይህን አንድ ኤቱድ ሰባት ጊዜ ሠርቶታል። በአንዱ የቀኙን ሥራ ለግራ ሰጥቶታል። «ባዲናዥ» በሚባለው ደግሞ ከኦፐስ 25 ቁጥር 9 ጋር ደርቦ ሁለቱን ባንዴ ያስኬዳቸዋል። መጀመሪያ ሁለቱን የሾፓን ለየብቻ ስሚያቸው። ፒያኖ ተጫዋቹ ፖሊኒ እ.ኤ.አ. በ1972 የቀረጻቸው ጥርት ያሉ ናቸው። በቃልሽ ማዜም ስትችዪ ባዲናዥን ክፈቺ። ያኔ ትርምሱ ይፈታል።

ቅጂ ካልሽ የእኔ ምርጫ ማርክ አንድሬ ሃምሊን ነው። 53ቱንም ቀርጿል፤ ሃይፐሪየን የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2000 በሁለት ሲዲ አወጣው። ፍጥነቱን ብዙ ሰው ያወራለታል። እኔ የምወድለት እያንዳንዱን ድምፅ በልኩ ማስቀመጡን ነው፤ የትኛው ዜማ፣ የትኛው አጃቢ እንደሆነ አይጠፋሽም። ቦሪስ ቤሬዞቭስኪ ደግሞ የተወሰኑትን ከሾፓን ኦሪጅናል ጋር ጎን ለጎን፣ ሰው ፊት ተጫውቷል። ለጀማሪ አድማጭ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

የሌላውን ደራሲ፣ የሊስትን 12 «ትራንሴንደንታል» ኤቱዶች ከፈለግሽ ዩንቻን ሊም እ.ኤ.አ. በ2022 ቴክሳስ ውስጥ በክላይበርን የፒያኖ ውድድር ላይ የተጫወታቸውን ስሚ። ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። አሥራ ሁለቱንም ከመቀመጫው ሳይነሳ!

ንጽሕና ብቻ አትፈልጊ ግን። ፒያኖ ተጫዋቹ ኮርቶ እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 የቀረጻቸው የሾፓን ኤቱዶች ውስጥ የተሳቱ ኖታዎች አሉ። ሆኖም ኦፐስ 25 ቁጥር 1ን እንደ እሱ ያዜመልኝ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎዶቭስኪ ኦፐስ 10 ቁጥር 6ን ለግራ እጅ ብቻ ሠርቶታል። ቀስ ያለ፣ ሐዘን ያለበት ነው። ለተማሪዎቼ ምንም ሳልነግር አሰማኋቸውና «ስንት እጅ ነው?» አልኳቸው። «ሁለት» አሉ። አንዷማ «ሁለት ሰው ነው» አለች። ምስጢሩ አውራ ጣትና በእግር የሚረገጠው ፔዳል ነው። ዜማውን አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣት ይይዛል። ፔዳሉ ቤዙን አስተጋብቶ ያቆየዋል፤ እጅ በዚያች ቅጽበት ወደ ላይ ይዘላል። ሾፓንን ከጀመርሽ ይህን ሞክሪው፤ በጣም በዝግታ፣ ሁለት ሁለት ባር (በኖታው ላይ በቁም መስመር የሚለየው ክፍል) እያደረግሽ። እኔ ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነኝ።