«ሚድዋይፍ ይበቃኛል ወይስ ስፔሻሊስት ጋ ልሂድ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ነፍሰ ጡር ነሽ፣ 14 ሳምንትሽ ነው፣ የመጀመሪያሽ ነው፣ ዕድሜሽ 27። ሰፈርሽ ያለው ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥተሽ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ተባልሽ። ከዚህ በኋላ የምታይሽ ሚድዋይፏ ናት ሲሉሽ ግን ደነገጥሽ። የባልሽ እህት ደግሞ «የመጀመሪያ ልጅሽን ለአዋላጅ ትሰጫለሽ?» ብላ ባሰችበት። በየወሩ ስፔሻሊስት (የማህፀንና ፅንስ ሐኪም) ጋ እንዳትሄጂ ብሩ ይከብዳል። መልሴ ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ። አንድ ስኒ ችግር የለውም።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ። ሚድዋይፍ ነኝ። 12 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሁለቱን ሆስፒታል፣ የቀረውን ጤና ጣቢያ። የሁለት ልጆችም እናት ነኝ። ስለዚህ ለሙያዬ ማድላቴ አይቀርም፣ አልክድሽም። ግን እንዳትስቂብኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን የተከታተልኩት የግል ስፔሻሊስት ጋ ነው። አዎ፣ እኔው ሚድዋይፏ! ሌሎችን «አይዞሽ፣ እኛ እንበቃሻለን» እያልኩ፣ የራሴ ሲመጣ ፈራሁ። ስለዚህ ፍርሃትሽ ይገባኛል።

የባልሽ እህት «አዋላጅ» ስትል በሐሳቧ የመጡት ሰፈር ውስጥ በልምድ የሚያዋልዱ እናት ይመስሉኛል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ተምታታባት። የልምድ አዋላጅ ሌላ ነው፣ ሚድዋይፍ ሌላ። ሚድዋይፍ በዲፕሎማ ወይም በዲግሪ ይህንኑ ብቻ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ ነው የሚሠራው (ወንድ ሚድዋይፎችም ብዙ ናቸው፣ ወንድ ገብቶ ሆድሽን ልይ ቢልሽ እንዳትደነግጪ)። ምጥ ይከታተላል፣ ደም እንዳይፈስ መርፌ ይሰጣል፣ የቀረ እንግዴ ልጅ በእጁ ያወጣል፣ ሲያስፈልግ ሕፃኑን ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ (ቫኪዩም) ያግዛል፣ ሳያለቅስ የተወለደ ሕፃን ያስተነፍሳል። ኦፕራሲዮንና ደም መስጠት ግን በአብዛኛው የሆስፒታል ነው። ጤናማ እርግዝና ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ያለፈ አይጠይቅም።

«ጤናማ ነው ያሉኝ በምን አውቀው ነው?» ብለሻል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሚድዋይፏ ጥያቄ ስትደረድርብሽ ለወሬ አልነበረም። ከዚህ በፊት የሞተ ልጅ ወይም ተደጋጋሚ ውርጃ ነበር ወይ፣ በኦፕራሲዮን ወልደሻል ወይ፣ መንታ ነው ወይ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ ኩላሊት አለብሽ ወይ፣ ዕድሜሽ ከ16 በታች ወይም ከ40 በላይ ነው ወይ ብላ ነው የምታጣራው። የደም ዓይነትሽም ኔጌቲቭ ከሆነ የሾተላይ (የእናትና የፅንስ ደም ያለመስማማት) ጉዳይ አለ። አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። ያንቺ ሁሉም «የለም» ነው ስላልሽ ሎው ሪስክ፣ ማለትም አደጋሽ ዝቅተኛ ነው ተባልሽ።

ግን አንድ ነገር ያዢልኝ። ሎው ሪስክ አንዴ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዛሬ ደህና የነበረች እናት በ33ኛው ሳምንት ግፊቷ ሊወጣ ይችላል። ክትትል ማለት በየቀጠሮው «ዛሬም ሎው ሪስክ ናት ወይ?» ተብሎ እንደገና መጠየቅ ነው። ይህን የሚመልሱት ነገሮች ደግሞ ርካሽ ናቸው። የግፊት መለኪያ፣ የሽንት ምርመራ፣ የደም ማነስ ምርመራ፣ ሆድ የሚለካበት ሜትርና የፅንሱን ልብ ምት ማዳመጥ።

አንዲት እናት ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። 35 ሳምንት ገደማ ሆኗት ለመውለጃ ቅርብ ይሁንልኝ ብላ እኛ ጋ መጣች። ክትትሏ የግል ክሊኒክ ነበር። ከቦርሳዋ ላስቲክ አወጣች፣ ውስጡ ሰባት የአልትራሳውንድ ወረቀት አለ። ሰባት! አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ወንድ» ተብሎ ተከቧል። ገልብጬ ገልብጬ ግፊቷ የተጻፈበትን ፈለግኩ። አንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም በሦስተኛ ወሯ። የሽንት ውጤት የለም። ለካሁት፣ 160 በ110። አረፍ ብላ ድጋሚ ለካሁት፣ ያው ነው። ሽንቷ ፕሮቲን ነበረው። ራስሽን ያምሻል ወይ ስላት «ሦስት ቀኔ ነው፣ በጾም ምክንያት ቡና ስለተውኩ መስሎኝ» አለችኝ። እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም የሚባል መድኃኒት ሰጥተናት በአምቡላንስ ሆስፒታል ሄደች፣ እዚያ ወለደች። ልጁ አሁን ኬጂ ነው። እናቱ ሰፈር ስታገኘኝ ሁልጊዜ ትስመኛለች።

እዚህ ላይ ስፔሻሊስት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እሷን ያዳኗት የሆስፒታሉ ሐኪሞች ናቸው። የምልሽ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ክትትል ሁሉ ጥሩ ክትትል አይደለም ነው። አልትራሳውንድ ጠቃሚ ነው፣ ከ24 ሳምንት በፊት አንዴ መነሳት አለብሽ፣ ሳምንቱን ለማረጋገጥም መንታ መሆኑን ለማወቅም። አንዳንድ ጤና ጣቢያ ማሽኑ አለ፣ ሠልጥነው የሚያነሱትም ሚድዋይፎች ናቸው። ግን ስክሪኑ ላይ የሕፃኑን ፊት ስላየሽ የአንቺ ግፊት አይታይም።

የእኔም የመጀመሪያ እርግዝና ከዚህ ብዙም አይለይም ነበር። ሁለት ሰዓት ወረፋ፣ ሰባት ደቂቃ ሐኪም። ሰውየው ጎበዝ ነበር፣ አንድም ስህተት አልሠራብኝም። ግን በ32ኛው ሳምንት «መለኪያው ሌላ ክፍል ነው» ተብዬ ግፊቴ ሳይለካ ወጣሁ። ዝም ብዬ ወጣሁ እኮ! ሚድዋይፍ ሆኜ! ታካሚ ስትሆኚ አፍሽ ይታሰራል።

ሁለተኛዋን እዚያው የምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ባልደረባዬ ጋ ተከታተልኩ። ልዩነቱ መድኃኒቱ ላይ አልነበረም። የሚሰጠው ያው የደም ማነስ ክኒን፣ ያው የቴታነስ ክትባት፣ ያው ምርመራ ነው። ልዩነቱ ታውቀኛለች። ፊቴን አይታ «ዛሬ አብጠሻል፣ ትናንት ዲዩቲ ነበርሽ እንዴ?» ትለኛለች። የፈራሁትን ሁሉ ነገርኳት፣ የመጀመሪያው ምጥ ላይ ብቻዬን እንደነበርኩ ጭምር። ስወልድ እናቴ ከጎኔ ነበረች፣ «ማርያም ትቅረብሽ» እያለች እጄን ይዛ። ከወለድኩ በኋላ እዚያው ገንፎ ቀረበልኝ። ገንፎውን ስነግርሽ ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ እናቶች ጤና ጣቢያ መውለድን የለመዱት በአምቡላንስ ብቻ አይደለም፣ በገንፎም ነው።

አሁን ፖሊሲውን በአጭሩ፣ ምክንያቱም «መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ነው ሚድዋይፍ ላይ የጣለን» ያለች አስተያየት ሰጪ አይቻለሁ። እኔ ስማር ክትትል አራት ጊዜ ነበር። ከ16 ሳምንት በፊት፣ ከ24 እስከ 28፣ ከ30 እስከ 32፣ ከዚያ ከ36 በኋላ። ቁጥሮቹን እይያቸው እስቲ። ከ32 እስከ 36 ማንም አያይሽም፣ ግፊት ደግሞ በዚያ ሰሞንም ሊወጣ ይችላል። የአራት ጊዜው አሠራር አስቀድሞ በአርጀንቲና፣ በኩባ፣ በሳዑዲና በታይላንድ ተሞክሮ ነበር። በኋላ መረጃው እንደገና ሲፈተሽ ልክ እዚያ ክፍተት ውስጥ፣ ከ32 እስከ 36 ባለው፣ ሆድ ውስጥ የሚሞቱ ፅንሶች በዝተው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ስምንት ከፍ አደረገው፣ የኛም ጤና ሚኒስቴር በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ ተቀበለው። እስከ 12 ሳምንት አንዴ፣ ከዚያ 20፣ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38፣ 40። ስለዚህ ቀጠሮ በዛብኝ አትበይ፣ የበዛበት ምክንያት አለው። በነገራችን ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንዴ ክትትል ሲጀምሩ አራቱን የጨረሱት 43 ብቻ ነበሩ። መጀመርማ ብዙዎቻችን እንጀምራለን።

ያው የ2016ቱ ምክር ሌላም ነገር አለው። ሚድዋይፍ በደንብ በተደራጀበት አገር አንዷ ሚድዋይፍ ወይም የሚተዋወቁ ጥቂት ሚድዋይፎች እናቲቱን ከእርግዝና እስከ አራስነት ይያዟት ይላል። ጥናትም አለው። በ2024 እ.ኤ.አ. የተጠናቀረው 17 ጥናቶችን፣ ከ18 ሺህ በላይ እናቶችን ያየ ነው። እንዲህ የተያዙት በራሳቸው ምጥ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ፣ ኦፕራሲዮናቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥናቶቹ ከሞላ ጎደል የሀብታም አገር ናቸው። እነሱ ጋ ችግር ሲመጣ ሆስፒታሉ ደቂቃዎች ላይ ነው። እኛ ጋ ይሄ ነገር የሚሠራው አምቡላንሱ ሲነሳ ነው።

ታናሽ እህቴ ስቶክሆልም ነው የወለደችው። አራተኛ ወሯ ላይ እያለቀሰች ደወለችልኝ። «ስደተኛ ስለሆንኩ ሐኪም ከለከሉኝ፣ ሚድዋይፍ ብቻ ናት የምታየኝ» አለችኝ። ሳቄን ያዝኩት። እዚያ ጤነኛ የሆነች ሁሉ፣ የአገሩ ተወላጅም ብትሆን፣ የምትከታተለው ሚድዋይፍ ጋ ነው፣ ሐኪም የሚመጣው ችግር ሲኖር ነው። ልጇን እስክትወልድ አንድ ሐኪም አላየችም። አሁን ለሚመጡት ሐበሾች ሁሉ እሷ ናት የምታስረዳው።

እሺ፣ አሁን የራሳችንን ጉድ ልናገር፣ አለበለዚያ ለሙያዋ ተሟገተች ትይኛለሽ። ትልቁ ችግራችን ሮቴሽን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አንዷ ትያዛት ይላል፣ እኛ ግን ይህን ወር ክትትል ክፍል፣ በሚቀጥለው ማዋለጃ፣ ከዚያ ቤተሰብ ምጣኔ እንዞራለን። በስምንት ቀጠሮ ስድስት ሰው ልታዪ ትችያለሽ። ሁለተኛው፣ ዕቃ ያልቃል። የሽንት መመርመሪያው አለቀ፣ ውጪ አሠርተሽ ነይ ትባያለሽ፣ አገልግሎቱ ነፃ ነው የተባለው ቢሆንም። ሦስተኛው አመል ነው። የሚጮሁ ባልደረቦች አሉን፣ ምጥ ላይ ያለችን እናት የሚቆጡ። አፍሬ ነው የምነግርሽ። አንዳንዷ ስፔሻሊስት ጋ የምትሄደው ዕውቀት ፍለጋ ሳይሆን ክብር ፍለጋ ነው፣ አልፈርድባትም።

ስለዚህ እኔ አንቺን ብሆን ሐኪም ወይስ ሚድዋይፍ ብዬ አልመርጥም። ጤና ጣቢያው ሄጄ እነዚህን አያለሁ። ክትትል ክፍሏ ያለችው ሚድዋይፍ መቼ እንደምትቀየር እጠይቃለሁ፣ ስትቀየር ለማን እንደምታስረክበኝም። ስልኳን እጠይቃለሁ፣ ብዙዎቻችን እንሰጣለን። ችግር ቢመጣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚልኩኝ፣ አምቡላንሱ ማታም ይነሳ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ስወልድ እናቴ ወይም ባሌ አብሮኝ መግባት ይችል እንደሆነም። በደንብ ከመለሱልሽ እዚያው ተከታተዪ። ካመነቱ ሌላ ጤና ጣቢያ ሞክሪ፣ ወይም መንግሥት ሆስፒታል፣ እዚያም ቢሆን ክትትል ክፍሉን የያዙት አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን። ስፔሻሊስት ማየት ለልብሽ እረፍት ከሰጠሽ አንዴ በ20ኛው ሳምንት፣ አንዴ በ36ኛው ሂጂ፣ ወረቀቱን ግን ለሚድዋይፏ አምጪላት። ሁለት ቦታ ተከታትለሽ አንዱ ከሌላው ሳይተዋወቅ መቅረት ነው የሚጎዳሽ።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትሮጪባቸውን ታውቂያቸዋለሽ ብዬ አልዝለልም። ደም ካየሽ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ እንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መሰማት ከጀመረሽ በኋላ ደግሞ ከቀነሰብሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» የለም!

የሚቀጥለው ቀጠሮሽ 20ኛው ሳምንት ላይ ነው። ግፊትሽን ሲለኩ ቁጥሩን ጠይቂና ስልክሽ ላይ ጻፊው፣ 140 በ90 ከሆነ ወይም ካለፈ ድጋሚ ሳይለካ አትውጪ። ደግሞ ጠዋት ከቤት ስትወጪ ሽንትሽን አትጨርሺው፣ ላብራቶሪ ስትደርሺ አልመጣ ብሏችሁ ውሃ እየጠጣችሁ ኮሪደር ላይ የምትንጎራደዱትን ስቆጥር ነው የምውለው።