ከቀኖና ውጭ ስላሉ ጥንታዊ መጻሕፍት

«በጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ወንጌሉም ገድሉም በአንድ ዕቃ ቤት ተቀምጠው አየሁ፤ ክርስቲያኖች ሁሉንም እኩል ይቀበላሉ ወይ?» ብለው ለጠየቁት መልሱ «አይቀበሉም» ነው። በቆዳ ማኅደር የገባ፣ ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም የተጻፉበት ብራና ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም። ተአምረ ማርያም በታላቅ አክብሮት ይነበባል፣ ምእመናንም ቆመው ያዳምጡታል፤ ከቀኖና፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ከምትቀበላቸው ከ81ዱ መጻሕፍት፣ ግን አይቆጠርም።

ይበልጥ የሚያከራክረው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ እንደ መጽሐፈ ኩፋሌ ሁሉ የቀኖና መጽሐፍ ሲሆን፣ ለካቶሊኮችና ለፕሮቴስታንቶች ከቀኖና ውጭ ነው፤ ይሁንና ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 እና 15 ላይ የሄኖክን ትንቢት ስለሚጠቅስ፣ የማይቀበሉትም ቢሆኑ እንደ ተራ ተረት ሊያልፉት አይችሉም። (በእኔ አስተያየት ብዙዎች ይህን ክርክር ቸኩለው ይዘጉታል።) መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ይነበብ እንደነበረ ታወቀ።

ከመቀበልና ከመጣል መካከል ሌላ መንገድም አለ። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ367 በጻፈው የፋሲካ መልእክት 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ከዘረዘረ በኋላ፣ እንደ «የሄርማስ እረኛ» ያሉትን ጥንታዊ የክርስቲያን መጻሕፍት ከቀኖና ባይቆጥራቸውም ለአዲስ አማኞች ማስተማሪያነት እንዲነበቡ ፈቅዷል፤ መናፍቃን በቅዱሳን ስም የጻፏቸውን ግን ለይቶ አውግዟል።