መጀመሪያ ሜዳው፣ ማኅተሙ ይደርሳል

ውድ ወንድሜ፣

ከቡሬ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በስፖርት ሳይንስ ተመርቀሃል። ታናሽ ወንድምህ ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ዛፍ ሲመለምል ወድቆ አንገቱ ተሰብሯል። የፓሪስ ፓራሊምፒክን የዊልቸር ራግቢ ጨዋታ፣ ማለትም እጅና እግራቸው የተጎዳ ሰዎች በዊልቸር እየተጋጩ ኳስ ወደ ግብ የሚያሻግሩበትን ስፖርት፣ በስልክህ ካየህ ወዲህ እንቅልፍ አጥተሃል፤ አዲስ አበባ ገብተህም ፌዴሬሽን ማቋቋም አስበሃል። አባትህ ግን የቀረበልህን የመምህርነት ሥራ እንድትይዝ ይፈልጋሉ። ማስተርስ ልማር ወይ፣ እንግሊዝኛዬስ ይበቃል ወይ ብለህም ጠይቀኸኛል።

ማስተርሱ ይቆይ። ለእንግሊዝኛው የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ በየማታው ሁለት ሁለት ገጽ አንብብ።

ስለ ፌዴሬሽኑ ግን ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። እኔ 6 ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ፤ ከዚያ 11 ዓመት በአንድ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ስምንት የስፖርት ዊልቸሮች በስጦታ መጡልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ኮሚቴ ተመረጠ፣ ማኅተም ተቀረጸ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ስከፍት ዊልቸሮቹ በመጡበት ቀን እንደተደረደሩ አገኘኋቸው። የመቀመጫቸው ላስቲክ እንኳን አልተቀደደም። ጎማቸው ተንፍሶ ተኝቷል፣ በአንዱ ራጂ መካከል ሸረሪት አድርታለች። ኮሚቴው ቃለ ጉባዔ ነበረው፤ አንድም ተጫዋች አልነበረውም። እኔም ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ማኅተም አስቀድሞ ሜዳ የሚፈልግ ወጣት ባየሁ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም።

አንድን ስፖርት ከሥር እስከ ጫፍ የሚያሳድግ ብሔራዊ ማኅበር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ብሪታንያን ተመልከት። ቡድናቸው እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ አምስተኛ ወጣ፤ ወዲያው ለከፍተኛ ውድድር ይሰጠው የነበረው የገንዘብ ድጋፍ ተቋረጠበት። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ግን ወርቁን ወሰደ፤ በዚህ ስፖርት የፓራሊምፒክ ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው የአውሮፓ ቡድን ሆነ። ገንዘቡ ሲሄድ አብረው ያልሄዱት በየከተማው የሚሰበሰቡት ክለቦች፣ አሰልጣኞች፣ ዳኞችና ተጫዋቾች ናቸው። ማኅበሩ ማለት እነርሱ ናቸው። አንተ አዲስ አበባ ገብተህ ቢሮ ብትከፍት ከሥርህ ማን አለ?

ከሥር የሚያስፈልጉትን ሰዎች ልንገርህ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ አካሉ አቅም ከ0.5 እስከ 3.5 ነጥብ ይሰጠዋል። ሜዳ የሚገቡት አራት ናቸው፤ የአራቱ ድምር ከ8 መብለጥ የለበትም፤ ሴት ተጫዋች ስትሰለፍ ደግሞ ለእያንዳንዷ 0.5 ይጨመራል። ስለዚህ ያንን ነጥብ የሚመድብ፣ አካልን መርምሮ የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ይፈለጋል። ዳኛ ይፈለጋል። የተጣመመ ብረት የሚያቀና በያጅና ጎሚስታ ይፈለጋል። አሰልጣኝ ይፈለጋል፤ ያንተ ቦታ ይህ ይመስለኛል።

የነጥቡን ነገር ደግመህ አስበው። ጠንካሮችን ብቻ ማሰለፍ አይቻልም፤ እጁ የደከመው ልጅ ለቡድኑ የግድ ነው። ስለ ወንድምህ «ጣቶቹ አይጨብጡም፣ ክንዱን ግን ያነሣል» ብለሃል። ጨዋታው የተፈጠረው ለእንዲህ ያለ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ፣ በዊልቸር ቅርጫት ኳስ ኳሱን እንደልብ መወርወር ያቃታቸው ሰዎች የራሳቸውን ጨዋታ ፈጠሩ። ኳሱ የመረብ ኳስ ያህላል፤ ጭን ላይ ይቀመጣል። በ10 ሴኮንድ ውስጥ አንጥሮ ወይም አቀብሎ መቀጠል ነው። ኳሱን የያዘው ሰው የዊልቸሩን ሁለት ጎማዎች የግብ መስመር ካሻገረ ነጥብ ይቆጠርለታል።

አሁን የመምህርነቱን ሥራ ያዝ ስልህ የአባትህን ወገን የያዝኩ አይምሰልህ። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን በራሴ ኪስ አውቀዋለሁ። ነገር ግን የሜዳውን ቁልፍ ይሰጥሃል። 28 ሜትር በ15 ሜትር የሆነው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ለዚህ ጨዋታ በልኩ ነው፤ በጫፉ 8 ሜትር ለክተህ ሁለት ምልክት ብታቆም ግብ ሆነ። የመረብ ኳስ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል አይጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዊልቸር የሚገፉልህ ተማሪዎችም አሉህ። መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታትም የራስህ ከተማ ሜዳ ከበርህ አይርቅም። ለአንድ ዓመት የመጡትን ሰዎች ስም በየሳምንቱ በደብተር መዝግብ፤ ከዚያ ያንን ደብተር ይዘህ ወደ ዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ወደ ኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ኮሚቴ ሂድ።

ግጭቱን ግን ገና አትሞክር። የጨዋታው ዊልቸር ለመጋጨት የተሠራ፣ ዋጋውም በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር ነው፤ የወንድምህ ዊልቸር ግን እግሩ ነው፣ ብትሰብረው ከቤት አስቀረኸው ማለት ነው። ማቀበል፣ መቆጣጠርና ፈጥኖ መዞር ይበቃል። ለእጁ መዳፉ ላስቲክ የተቀባ የግንበኛ ጓንት ግዛለት። ከሁሉ በላይ ግን ይህን አትርሳ፦ አንገቱ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች በወጉ አያልበውም፤ ሰውነቱ ሲግል ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ጠዋት ተጫወቱ፣ ፊቱንና ክንዱን የምትረጭበት ውኃ ያዝ፣ ራሱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያው አቁም። ቤት ስትመለሱ የተቀመጠበትን ቆዳ እይ፤ የቀላ ቦታ ካለ እስኪድን ልምምድ የለም። ከመጀመራችሁ በፊትም ባሕር ዳር ካለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ባለሙያ ምክር ጠይቅ።

አባትህ «አንዱ ልጄ ወደቀብኝ፣ ሌላው ደግሞ የወደቁትን ሲገፋ ይኑር?» ማለታቸውን ጽፈሃል። ሕመማቸው ይገባኛል። በሬ ሸጠው አስተምረውሃል፤ ያንን ዕዳ በየወሩ ከደመወዝህ ቆርጠህ ክፈላቸው፣ መጠኑንም ዛሬውኑ ንገራቸው። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንድምህ ወደ ጓዳ እንደሚገባም ጽፈሃል። ይህ ስህተት ነው፤ ለአባትህም ለእናትህም በአክብሮት፣ ሳትሸሽግ ንገራቸው። ከእናቱ ጓዳ ሳይወጣ የሚያረጅ የ19 ዓመት ልጅ ተጠበቀ አይባልም። በፓሪስ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው ሁለት ወርቅና አንድ ብር ሦስቱም በ1500 ሜትር፣ የማየት ጉዳት ባለባቸው ሯጮች የመጡ ናቸው። እነርሱም ጓዳ ተቀምጠው አይደለም ያሸነፉት።

አንድ ነገር ግን ከደብዳቤህ አጣሁ። ስለ አባትህ፣ ስለ ራስህ፣ ስለ ፌዴሬሽኑ ጽፈሃል፤ ወንድምህ ራሱ ምን እንደሚል ግን አንድ ቃል የለም። ዛሬ ማታ ያንን የፓሪስ ጨዋታ አሳየውና መጫወት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቀው። እምቢ ካለ አታስገድደው፤ ቡሬ ውስጥ ሌሎች አሉ፣ እየዞርክ ፈልጋቸው። እሺ ካለ ግን ከቅዳሜ በፊት የቤታችሁን ደፍ ከፍታ ለክተህ በጣውላ መወጣጫ ሥራለት።