ለጭስ ማውጫው መላወሻ ስጡት

ልጆቼ፣ በገዛ እጃችሁ አውሮፕላን ለመሥራት ከተነሣችሁ፣ ለክንፉ የምታደርጉትን ጥንቃቄ ለጭስ ማውጫው አትንፈጉት። ብዙ ሰው «ቧንቧ አይደል እንዴ?» ብሎ በስተመጨረሻ በጥድፊያ የሚገጥመው ይህንኑ ክፍል ነው። በውስጡ የሚያልፈው ጋዝ ግን ሙቀቱ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል፤ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም አለበት።

1 ሜትር የስቴንለስ ስቲል ቧንቧ ሙቀቱ በ700 ዲግሪ ሲጨምር 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሞተሩም ንዝረት በሚያለዝብ የጎማ መቀመጫ ላይ ስለታሰረ ሲነሣና ሲጠፋ ይወዛወዛል። ስለዚህ ቧንቧውን ሞተሩ ራሱ ይሸከመው። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ፣ ሌላውን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር አጥብቃችሁ ካሰራችሁት አንድ ቦታ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብየዳው ጠርዝ ላይ፣ ይሰነጠቃል። አንዱ ቧንቧ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበት ወይም ሞላ ያለው የኳስ መጋጠሚያ (ክብ ጫፍ በክብ ጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት) አስገቡበት። የሞላውን ብሎን ግን እስከ መጨረሻው አታጥብቁት፤ ጥምዝምዞቹ ከተነካኩ መጋጠሚያው እንደተበየደ ቁጠሩት።

ስትገጥሙ ፍላንጁን፣ ማለትም ቧንቧው ከሞተሩ ጋር በብሎን የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ጫፍ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና መጣመም አለመጣመሙን እዩ። በመሃል ገብቶ ጋዝ እንዳይሾልክ የሚደፍነው ጋስኬት ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ጋዝ ከሾለከ የሲሊንደሩን የአሉሚኒየም ፊት እየበላ ይሄዳል፤ ያኔ ጋስኬት መቀየር ብቻውን አያድንም። በመጀመሪያ ዳዶዎቹን ሁሉ በእጅ ብቻ አስይዙ። ቧንቧው በጉልበት ካልተሳበ አልገጥምም ካለ አውርዱና አስተካክሉት፤ በግድ የገባ ቧንቧ ገና ሳይሞቅ ተወጥሯል። ከዚያ እያፈራረቃችሁ፣ የሞተሩ ማኑዋል በሚለው ቶርክ (የማጥበቂያ ጉልበት ልክ) አጥብቁ። ቧንቧውን ከሞተሩ ጋር የሚይዘው መደገፊያ ከሁሉም በኋላ ይታሰር። ሞተሩ መጀመሪያ ከሠራ በኋላ ሲቀዘቅዝ ጥብቀቱን እንደገና አረጋግጡ። ናይሎን ያለው ዳዶ እዚህ ቦታ የለውም፤ 120 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃለታል። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነውን ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ተጠቀሙ።

ቧንቧው ላይ በእርሳስ አታስምሩ። ካርቦኑ ሲሞቅ ወደ ብረቱ ይገባና መስመሩን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ዚንክ የተለበጠ መሣሪያም አታስነኩት። ምልክት በጠመኔ ይበቃል።

ሙቀት መከላከያ ጨርቅ መጠቅለልን እኔ አልወደውም። ሙቀቱን ብረቱ ላይ ያምቃል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ከሁሉም በላይ ስንጥቁን ይደብቃል። የነዳጅ ቱቦና ሽቦ ከቧንቧው ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ ከቻላችሁ የበለጠ። ቦታ ካጠረ በመሃሉ አየር የሚያልፍበት የስቴንለስ ጋሻ አድርጉ። ክፍተቱን ስትለኩ ሞተሩን በእጃችሁ ወዝውዙት፤ ቆሞ የማይነካ ነገር ሲንቀጠቀጥ ይነካል።

ለፍተሻ የአቧራ መጥረጊያ ማሽንን የሚነፋውን ጫፍ ጭስ መውጫው ላይ አስገቡና ዙሪያውን ድፈኑ፤ መጋጠሚያውንና ብየዳውን ሳሙና ውሃ ቀቡ። የሚንሸራተተው መጋጠሚያ ጥቂት ቢያስተነፍስ አትደንግጡ፤ ብየዳ ወይም ፍላንጅ ላይ አረፋ ካያችሁ ግን ቧንቧው ይወርዳል። ከበረራ በኋላ የሞተሩን ሽፋን ስትከፍቱ ነጣ ያለ ወይም ግራጫ ጭረት ፈልጉ፤ የሾለከ ጋዝ ምልክት ነው። ለካቢን ማሞቂያ በቧንቧው ላይ የተጠቀለለውን ሽፋን ደግሞ ፈታችሁ ሥሩን እዩ። እዚያ ያለ ስንጥቅ ጋዙን በቀጥታ ወደ አብራሪው ስለሚልክ ካቢን ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ሳታስቀምጡ አትብረሩ።