በሱሪ የታወቀ መንገድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ዋልታ በረዶ ሁለት አንቀጽ ጣል ባደርግ ቴሌግራሜ እንደ ሐምሌ ቦይ ሞላ። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር በረዶ ይህን ያህል መጨነቃችን ገርሞኛል። አራት ኪሎ ከለመድኩት ወንበር ላይ ሆኜ፣ ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከመምህሩ ጋር ተከራክሯል። መምህሩ ሰሜን ዋልታ በበረዶ የተሸፈነ መሬት ነው ብለዋል፤ ልጁ አልተዋጠለትም።

ልክ ነህ። ከበረዶው ሥር ከ4,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውቅያኖስ ነው ያለው። መሬት ያለው ደቡብ ዋልታ ላይ ነው። ለመምህርህ ግን በእረፍት ሰዓት ንገራቸው፤ ክፍል ውስጥ አታድርገው።

«የዋልታ ድብ ፔንግዊን ይበላል?» አይገናኙም። ድቡ ሰሜን ነው፣ ፔንግዊኗ ደቡብ።

ፒያሳ የሚሠሩ አንድ ወርቅ ሠሪ ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ በረዶ የረጋ ነገር ነው፤ የረጋ ነገር እንዴት ይሄዳል? ልጃቸው በስልክ ባሳያቸው ካርታ ላይ ነጩ ነገር እንደ ደመና ሲዞር አይተው ተጠራጥረዋል።

እውነት ነው ጋሼ፣ ይሄዳል። የባሕር በረዶ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሜትር የሚወፍር ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ያለው ባሕር አልረጋም። ወተት ላይ የሚይዘውን ስልባቦት ያስቡት፤ እፍ ሲሉት ይሸሻል። በረዶውንም ነፋስ ከላይ፣ የባሕሩ ጅረት ከሥር ይገፉታል። ከነፋሱ ፍጥነት ሁለት በመቶ ያህሉን ይይዛል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ በረዶው 600 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው፤ ከአራት ኪሎ እርስዎ ሱቅ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። (በሥራ መውጫ ሰዓት ታክሲ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም።) ሌት ተቀን አያርፍምና በቀን 14 ኪሎ ሜትር ይሞላል።

ይህ መንገድ የታወቀው በሱሪ ነው ብል ያምኑኛል? በ1881 ዣኔት የምትባል የአሜሪካ መርከብ ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በረዶ ጨፍልቋት ሰመጠች። ከሦስት ዓመት በኋላ ዕቃዎቿ፣ ከነሱም መካከል የአንድ መርከበኛ ሱሪ፣ ከዋልታው ወዲያ ማዶ በግሪንላንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በረዶ ላይ ተገኙ። ሱሪ ብቻውን አይሄድም። ኖርዌያዊው ፍሪድቾፍ ናንሰን ይህን ሲሰማ የሱሪውን መንገድ በመርከብ ሊሄድ ተነሣ። በረዶው ሲጨምቃት ከመሰበር ይልቅ ወደ ላይ እንድትሾልክ ሆዷ የከበበ ፍራም የተባለች መርከብ አሠራ፤ በመስከረም 1893 ሆን ብሎ በረዶ ውስጥ አስገባት። በነሐሴ 1896 ከኖርዌይ በስተሰሜን ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች በኩል ወጣች። እሱ ራሱ መሐል ላይ ወርዶ በውሻ ጋሪ ወደ ዋልታው ሞክሮ ነበር፤ አልደረሰም። ከዋልታው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ በጉዞው ያስተዋለው ነገር ነው፦ በረዶው ነፋሱን ቀጥ ብሎ አይከተልም፣ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ሒሳቡን በ1905 ያሳየው ስዊድናዊው ኤክማን ነው፤ ምክንያቱ የምድር መሽከርከር ነው። በደቡብ ዋልታ በኩል ወደ ግራ ያጋድላል።

ልጅዎ ያሳየዎት ካርታ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። ከአላስካ በስተሰሜን የሚሽከረከረው የቦፎርት አዙሪት ነው። ከሳይቤሪያ ተነሥቶ በዋልታው በኩል ወደ ግሪንላንድ የሚሻገረው ደግሞ የሱሪው መንገድ ነው፤ መጨረሻው አትላንቲክ ገብቶ መቅለጥ ነው። በየመሐሉ በረዶው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ላይ አዲስ ይረጋል፣ ሲጋጭ ይደራረባል። ስፋቱ በመጋቢት ይበዛል፣ እኛ አደይ አበባ ስንቆርጥ ያንሳል። በ2012 መስከረም ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር፤ ሦስት ኢትዮጵያ ያህል።

ሰው ሁሉ ስለ ስፋቱ ያወራል። እኔ የምለው ዕድሜውንም እንጠይቅ ነው። ድሮ አዙሪቱ ውስጥ ዓመታት የሚከርም፣ በየዓመቱ የብርድ ወራት የሚወፍር በረዶ ነበር። በመጋቢት 1985 ከአርክቲክ በረዶ ሲሶው ከአራት ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነበር፤ በመጋቢት 2019 የቀረው 1.2 በመቶ ነው። ከላይ ሲታይ ነጩ ያው ነጭ ነው። ፒያሳን እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቁታል፦ ዛሬም ሰው ሞልቷል፣ ግን ስምዎን ጠርቶ እንደምን አደሩ የሚልዎ ስንት ቀረ? ለጋው በረዶ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል፣ ቶሎም ይነዳል። ታራ የተባለች የፈረንሳይ መርከብ በ2006 እንደ ፍራም በረዶ ውስጥ ገብታ በጥር 2008 ወጣች። ፍራምን ሦስት ዓመት የፈጀባትን፣ እሷ በ16 ወር ገደማ። የተነሡበት ቦታ አንድ አይደለም፤ ቢሆንም ልዩነቱ በዚያ ብቻ አይሸፈንም።

መሬት ሊገዛ ያሰበ ወንድም፣ በረዶው ቀልጦ ባሕሩ አዲስ አበባ ይደርስ እንደሆነ ይጠይቃል።

ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩን ከፍ አያደርገውም ማለት ይቻላል፤ አምቦ ውሃህ ውስጥ የገባው በረዶ ሲሟሟ ብርጭቆው ሞልቶ አይፈስም። ባሕር የሚያስነሣው መሬት ላይ የተከመረው የግሪንላንድና የአንታርክቲካ ግግር ነው። እሱ ሁሉ እንኳ ቢቀልጥ ከ70 ሜትር አያልፍም፤ አንተ ከ2,300 ሜትር በላይ ነህ። ይልቅ ዕቃችን ለሚወርድበት ጅቡቲ ወደብ አስብ። ስለ መሬቱ ጠበቃ አማክር።

«የባሕር በረዶ ጨው ጨው ይላል?» ብላ የጠየቀች ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አሠራችኝ። አንድ ሊትር ውሃ ላይ 35 ግራም ጨው፣ የውቅያኖሱን ያህል፣ በጥብጬ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩ። ጠዋት በቢላ ስወጋው ሰተት ብሎ ገባ፤ እንደ ንጹሕ ውሃ በረዶ አልደረቀም። ውሃው ሲረጋ ጨውን ይገፋዋል፣ ጨዉ ግን ጥቃቅን ኪስ ውስጥ ይቀራል። ያን ቀን መብራት ሄደ። ሌላ ጊዜ እራገም ነበር፣ አሁን ግን ሳህን ደቀንኩ። መጀመሪያ የተንጠባጠበውን ስቀምሰው አፌ ተኮማተረ። እየቆየ ቀለል አለ፤ መጨረሻ የቀረችው ቁራጭ ግን ጨውነቷ እምብዛም አይታወቅም። የዋልታው በጋ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ አዲሱ በረዶ ጨዋማ ነው፣ በጋ ያለፈበት ግን ተቀልጦ ይጠጣል።

«የዘንድሮ ክረምት እንዲህ የሆነው በዋልታው በረዶ ምክንያት ይሆን?» ኤል ኒኞን ብትለኝ እከራከርህ ነበር። ሜትሮሎጂን ጠይቅ።

የመጨረሻዋ እናት ናቸው። የ16 ዓመት ልጃቸው ፍሪጁን እየከፈተች በረዶ ስትቆረጥም ታመሻለች፤ ወራት ሆኗታል። ስለ በረዶ አዋቂ መስያቸው፣ ጥርሷን ይጎዳት እንደሆነ ይጠይቁኛል።

እናቴ፣ ጥርሱ ይቆይ። በረዶ እንዲህ አምሮት ሲሆን ብዙ ጊዜ የአይረን እጥረት ካለበት ሰው ጋር ይታያል። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይውሰዷትና ደሟ ይመርመር። ጤፍ ትበላለች፣ ምን ይጎድላታል ብለው አይተዉት። ከፋርማሲ እንክብል ገዝተውም አይስጧት፤ እጥረት ካለ ከየት እንደመጣ ሐኪሙ መፈለግ አለበት። ድካም ወይም ማዞር ካላት፣ የወር አበባዋም የሚበዛ ከሆነ፣ ሳትደብቅ ትንገረው። ውጤቱን ደግሞ ይጻፉልኝ፤ እስከዚያ ሐሳብ ይዞኛል።