ቡቺን ለማን እንስጣት?

ለወጣት ወዳጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች አንድ ውሻ በባጃጅ ጭነው ሐዋሳ ቤቴ ድረስ መጡ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሰፈሩ ግን አሁንም «ዶክተር» ነው የሚለኝ፤ አራት እግር ያለው ሁሉ ወደኔ ይመጣል። ውሻው ምንም አላመመውም። «ጋሼ፣ ቤት ይፈልጉልን፤ ሦስት ሰው ወስዶ መለሰብን» አሉኝ። ሻይ አስፈልቼ ቡቺ ስለምትባል ውሻ አጫወትኳቸው። ከሄዱ በኋላ ለእናንተም ልጽፈው አልኩ። መንገድ ዳር የወደቀ እንስሳ አይታችሁ ማለፍ የማይሆንላችሁ ልጆች እየበዛችሁ ነውና።

የቡቺ ባለቤት የውጭ አገር ሰው ነበር። ኮንትራቱ ሲያልቅ ለዘበኛው ትቷት ሄደ። ዘበኛውም ሥራ ቀየረና በር ላይ ቀረች። ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ጆሮዋ የቆመ፣ አንዱ የታጠፈ፣ ቦርደር ኮሊ የሚባል ዘር ውሻ። ስሟን የሚያውቅ ስላልነበረ ቡቺ አልናት።

በሦስት ቀን ውስጥ የልብስ ማስጫውን ገመድ ከነልብሱ አወረደችው። የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ደግሞ ዙሪያቸውን ሮጣ ሮጣ አጥሩ ጥግ ሰበሰበቻቸው። አንዱ ሊያመልጥ ሲል ተረከዙን ያዝ አደረገችው። እናትየው «ይቺማ ክፉ ውሻ ናት!» ብላ ጮኸች።

ክፉ አልነበረችም። ሥራ ላይ ነበረች። ዘሯ የመጣው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድንበር ነው፤ በግ ለመሰብሰብ የተረባ ዘር። እ.ኤ.አ. በ1893 የተወለደ ኦልድ ሄምፕ የሚባል ውሻ ነበር፤ ዛሬ ያሉት ቦርደር ኮሊዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዘራቸው ወደሱ ይመዘዛል። ሳይጮህ፣ በዓይኑ ብቻ በጎቹን ይነዳ ነበር ይባላል። ነገሩ የአደን ጠባይ ነው። ማፍጠጡ፣ ማድባቱ፣ ማሯሯጡ እንዳለ ሆኖ፣ ነክሶ መግደሉ ብቻ በእርባታ እየተዳከመ የመጣ። በግ ያጣ እንዲህ ያለ ውሻ ያገኘውን ይነዳል። ቡቺ ባጃጅ ስታይ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ ትልና ጎማው ላይ ታፈጣለች። ጎማው ሲንቀሳቀስ እሷም ጥይት ናት።

መጀመሪያ የወሰዳት ነጋዴ ነው። ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ረጅም። ደስ አለኝ። በወሩ ላያት ሄድኩ። ቀን ቀን ታስራለች። ሰንሰለቱ እስከደረሰበት ድረስ መሬቱ ላይ ክብ ተሠርቷል፤ ሣር የለ፣ አቧራ ብቻ። እሷ በዚያ ክብ ላይ ትዞራለች። እኔን አይታም አላቆመችም። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሌባ የምትጠብቅለት ውሻ ነበር የፈለገው። ግቢው ሰፊ ነው ብዬ ስደሰት ግቢው ውስጥ ቀን ማን እንደሚውል አልጠየቅሁም ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ይባስ የኔ ነው። «የእረኛ ውሻ አይደለች? ለገበሬ እንስጣት» አልኩ። ዕድሜ ልኩን እንስሳ ሲያክም የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚለው! የኛ አገር ውሻ ከከብቱ ጋር ውሎ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ ይጮሃል፤ ከብት የሚሰበስበው ዱላ የያዘ ልጅ ነው። የዚያ ገበሬ በጎች የሚያፈጥባቸው ውሻ አይተው አያውቁም። ቡቺም የሚያዛት ሰው አልነበረም። ግማሽ ቀን ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ነዳቻቸው። በሁለተኛው ቀን አንዷ እርጉዝ በግ አስወረደች። ገበሬው ጨዋ ሆኖ እንጂ በድንጋይ ይጨርሳት ነበር። ካሳ ከፍዬ ቡቺን ይዤ ተመለስኩ። በመንገድ ሙሉ ጭኔ ላይ ተኝታ አንኮራፋች፤ እንዲህ ደክሟት አይቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ውሻ ልውሰድ የሚለኝን ሰው ሁሉ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ትውላለች?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። «ትጫወታለቻ» የሚል መልስ ካልተዘጋጀ ሰው ነው የሚመጣው። ቤት ስትሄዱ ደግሞ ውሻዋን አቅፋ የምታለቅሰዋን ልጅ ተዉዋትና ጥግ ላይ ዝም ያሉትን አያት ጠይቁ። ውሻዋን የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ሰውየው ተከራይ ከሆነ አከራዩን ሳታናግሩ ውሻውን ከባጃጅ አታውርዱ። ዳዴ የሚል ልጅ ያለበት ቤት ተረከዝ ለምትይዝ ውሻ አይሆንም፤ ምንም ደግ ሰዎች ቢሆኑ።

ቴሌግራም ላይ ፎቶዋን ስትለጥፉ ነውሯን አስቀድሙ። «ባጃጅ ታሳድዳለች፣ ብቻዋን ከተተወች ዕቃ ታበላሻለች» ብላችሁ ጻፉ። የሚደውል ሰው ይቀንሳል። ይቀንስ። ለወሰዳት ሰው ደግሞ «ካልሆነልህ መልስልኝ፣ አልቀየምህም» በሉት፤ ከልባችሁ። እንዲያ ያልተባለ ሰው ያፍርና «ዓሣ አለ፣ አይርባትም» ብሎ ማታ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስዶ ይጥላታል።

ከመስጠታችሁ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ታግኝ፤ ብታመክኗትም ጥሩ ነው። ያልታወቀ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። መዥገር አየን ብላችሁ ለከብት የተገዛ አይቨርሜክቲን የሚባል የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት አትውጓት። በኮሊና በዘመዶቻቸው መድኃኒቱን ከአንጎል የሚያግደው ዘረመል የተበላሸባቸው አሉ። ቦርደር ኮሊ ላይ ብዙም አይታይም፤ ግን ውሻችሁ የየትኛው ቅልቅል እንደሆነ በዓይን አታውቁም። እንዲህ ያለ ውሻ በከብት መርፌ ለሃጩን ያዝረከርካል፣ ይንገዳገዳል፣ ሊሞትም ይችላል። ሐኪም ይመዝንና ይስጠው።

ሩጫን በተመለከተም ትንሽ ልበል። «ጠዋት ጠዋት ላስሩጠው» የሚል ወጣት ደስ ይለኛል። ሩጫ ብቻ የለመደ ውሻ ግን በሁለት ወር አትሌት ይሆንባችኋል፤ ያኔ እናንተ ናችሁ የምትደክሙት። ምግቡን ደብቁና በአፍንጫው ይፈልግ። ትእዛዝ አስተምሩት። ጭንቅላቱ ሲሠራ ነው የሚተኛው።

ቡቺን በመጨረሻ የወሰዳት ከከተማው ወጣ ብሎ አቮካዶና ፓፓያ የሚያለማ ሰው ነው። ጦጣ አስቸግሮታል። «ዝንጀሮስ ይመጣል?» አልኩት መጀመሪያ፤ ወንድ ዝንጀሮ ውሻ ይዘለዝላል። አይመጣም አለ። አላመንኩትም፤ ሄጄ ጎረቤቶቹን ጠየቅሁ። አጥሩንም ዞሬ አየሁ። ሁለት ሳምንት ለሙከራ ብለን ሰጠሁት። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው የሚውለው። አንድ ፉጨት ሂጂ፣ ሁለት ፉጨት ነይ፣ ብሎ አስተማራት። ጦጣ ዛፍ ላይ ካየች ሥሩ ሄዳ ትተኛና ታፈጣለች። አትጮህም። ጦጣው ነው የሚጮኸው።

በስምንተኛው ቀን ስልክ ደወለ። ድምፁ ጨንቆታል።

«ዶክተር፣ ዛሬ ጦጣ አልመጣም።»

«እንኳን ደስ አለህ።»

«ዶሮዎቹን በሙሉ ጥግ ሰብስባ ቆማባቸዋለች። ከጠዋት ጀምሮ አንድም እህል አልቀመሱም። ምን ላድርግ?»

«ሁለቴ አፏጭላት» አልኩት።

ሲያፏጭ በስልኩ ሰማሁት። ቀጥሎ የዶሮ ጫጫታ ሰማሁ።