ወፍራም ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ኮርቻ ለምን ያደነዝዛል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ወደ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው፤ በዕረፍት ቀን ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ደርሰን እንመለሳለን። የድሮው ኮርቻ ስለሚቆረቁረኝ ሰፊና ወፍራም ስፖንጅ ያለው አስገጠምኩ። መጀመሪያ ላይ ይመቸኛል፤ ዳገቱን ስናጋምስ ግን ጉያዬ አካባቢ ይደነዝዘኛል። ከዚህም የወፈረ ልግዛ ወይስ በላዩ ሽፋን መደረብ ይበቃል?
አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የወፈረም እንዳይገዙ፣ ሽፋንም እንዳይደርቡ እንመክርዎታለን። ብስክሌት ላይ ስንቀመጥ ክብደታችንን ሊሸከሙ የሚገባቸው በዳሌያችን ግርጌ፣ በግራና በቀኝ የሚገኙት ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። ኮርቻው ከልክ በላይ ሲለሰልስ አጥንቶቹ ስፖንጁ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ በመካከላቸው የቀረው ስፖንጅም ወደ ላይ ይገፋና ነርቭና የደም ሥር የሚያልፉበትን ለስላሳ አካል ይጫነዋል። መደንዘዙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት ደስ የሚል ኮርቻ ረጅም መንገድ ላይ የሚከፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሆኖም ሌላ ኮርቻ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን አስተካክለው ይሞክሩ፤ በእኛ እምነት ብዙው ሕመም ከአገጣጠም የሚመጣ ነውና። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ተረከዝዎን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ያሳርፉ። እግርዎ ልክ ቀጥ ካለ ከፍታው ጥሩ ነው፤ ሲነዱ ፔዳሉን የሚረግጡት በፊተኛው የእግርዎ ክፍል ስለሆነ ጉልበትዎ ጥቂት እንደታጠፈ ይቀራል። ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ካለ ፔዳሉን በረገጡ ቁጥር ዳሌዎ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ቆዳዎም ይላጣል። ቀጥሎ የግንበኛ ውሃ ልክ በኮርቻው ላይ በቁመቱ አጋድመው ይመልከቱ። አፍንጫው፣ ማለትም ቀጭኑ የፊት ጫፉ፣ ወደ ላይ ከቀና ጉያዎን ይጫናል፤ ወደ ታች ከደፋ ደግሞ ወደ ፊት እያንሸራተተ ክብደትዎን በእጅዎ ላይ ይጥለዋል።

ዳገት ላይ መደንዘዝዎም ያለ ምክንያት አይደለም። መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ልክ የነበረው ኮርቻ አፍንጫውን ያነሣል፤ እርስዎም መሪውን ይዘው ወደ ፊት ስለሚያጎነብሱ ክብደቱ ከአጥንቶቹ ወደ ለስላሳው አካል ይዞራል። ስለዚህ ሐረጎን አዘውትሮ ለሚወጣ ሰው አፍንጫውን በጣም በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል። ከኮርቻው ሥር ያሉትን ሁለት ዳዶዎች ላላ አድርገው ኮርቻውን በማሰሪያው ጥርሶች ላይ አንድ ጥርስ ብቻ ወደ ታች ያዙሩት፣ ሁለቱንም እኩል ያጥብቁ፣ ከዚያም ጥቂት ቀን ይንዱበት። ዳገቱን ሲወጡም በየጥቂት ደቂቃው ከኮርቻው ተነሥተው ፔዳሉ ላይ በመቆም ደሙ እንዲዘዋወር ያድርጉ፤ ኮርቻው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይህ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለዎት ያን ጊዜ ለመግዛት ያስቡ፣ ግን የአጥንትዎን ስፋት ለክተው ይሂዱ። ውስጡ ሽብሽብ የሆነ የዕቃ ካርቶን ቆርጠው በደረጃ ወይም በጠንካራ አግዳሚ ወንበር ላይ ያንጥፉ፤ ስስ ልብስ ለብሰው ይቀመጡበትና ጉልበትዎን ከፍ አድርገው፣ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብለው አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ሲነሡ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ያገኛሉ፤ ካልታዩዎት ጠመኔ በጎኑ አሻሹበት፣ የተረገጠው ቦታ ሳይነካ ይቀራል። ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት በአብዛኞቹ አዋቂዎች ከ10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢጨምሩ ለእርስዎ የሚስማማውን የኮርቻ ስፋት ያገኛሉ፤ መሪው ከፍ ብሎ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ከሆነ ከዚያም ሰፋ ይበል። ስፖንጁ ጠንከር ያለ፣ መሐሉ በቁመቱ ቦይ የወጣለት ቢሆን ይመረጣል። ከተስተካከለም በኋላ መደንዘዙ ከቀጠለ ወይም ከብስክሌቱ ከወረዱ በኋላ ቶሎ ካልለቀቀዎት ሐኪም ይዩ እንጂ ኮርቻ እየለወጡ አይቆዩ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ብስክሌት እየተማረች ነው። ኮርቻውን እንደተባለው ከፍ ሳደርገው እግሯ መሬት አልደርስ ብሎ ትፈራለች፤ ዝቅ ሳደርገው ጉልበቷን ያማታል። ምን ይሻላል?
አንዲት እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እናታችን፣ በትክክለኛው ከፍታ ላይ መሬት የሚነካው የእግር ጣት ብቻ ስለሆነ የልጅዎ ፍርሃት ተገቢ ነው፤ የደሴ ቁልቁለትም ለጀማሪ የሚቀልል አይደለም። መጀመሪያ ሁለት እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት እንዲረግጥ ዝቅ ያድርጉላትና በሜዳ ላይ ፍሬን መያዝን፣ ስትቆምም ከኮርቻው ወደ ፊት መውረድን ትልመድ። ያን ከቻለች በኋላ በየሳምንቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እያነሡ ተረከዟን በወረደው ፔዳል ላይ ስታሳርፍ እግሯ ልክ ቀጥ እስኪል ያድርሱት። ከፍ ሲያደርጉ የኮርቻው ዘንግ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ከቱቦው ወጥቶ እንዳይታይ ይጠንቀቁ፤ ከዚያ ካለፈ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል።